በብድር የሚገዛ ትርፍ፦ አነስተኛውን ቆጣቢ ማን ይጠብቀው?

በካርቱም ምሥራቅ፣ ከአየር ማረፊያው ማዶ ያለው ሪያድ ሰፈር ጦርነቱ እስኪደርስበት ድረስ ብዙ ገንዘብ ያላቸውና ጥቂት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ጎን ለጎን የሚውሉበት ነበር። ቪላዎቹ የነጋዴ፣ የዲፕሎማትና የኩባንያ ኃላፊ ነበሩ። ወጥ ቤቱን፣ ልጆቹንና በሩን የሚጠብቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ባለው ጀሪፍ ቤት ተከራይተው፣ ወር በወር ዕቁብ እየጣሉ፣ የተረፋቸውን በሐዋላ ወደ አገር ቤት ይልኩ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ኑሮ በተነው። ብዙ ሰው በመተማ በኩል ተመለሰ።

እንዲህ ያለ ሰው ያጠራቀመው ገንዘብ ተተኪ የለውም። ጡረታ፣ ኢንሹራንስና የሀብታም ዘመድ ከኋላው የሉም። ታዲያ ይህ ሰው ገንዘቡን በእጥፍ በሚያተርፍ፣ በእጥፍም በሚያከስር ፈንድ ላይ ላውለው ቢል ተቆጣጣሪው መንግሥት ሊከለክለው ይገባል? ጥያቄው በኒውዮርክ፣ በሴኡልና በፓሪስ ዓመታት ያስቆጠረ ክርክር ነው። ሱዳን ደግሞ በወለድ መበደርን በሕግ ጨርሳ ከልክላ ለአርባ ዓመታት ያህል ኖራለች፤ የሆነውን ማየት ይቻላል። ኢትዮጵያ የካፒታል ገበያዋን ገና መክፈቷ ስለሆነ ምላሿን አሁን መጻፍ አለባት።

ይህ ዳሰሳ የሁለቱን ወገኖች ክርክር፣ የአገሮችን ልምድና የጎረቤታችንን የሱዳንን ትምህርት አንድ በአንድ ያያል። መደምደሚያዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ገደብ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ገደቡ መጣል ያለበት በመጀመሪያ በብድሩ መጠንና በሻጩ ላይ ነው። ገዢውን ብቻ የሚከለክል ሕግ ገዢውን ወደ ጨለማ ገበያ ይገፋዋል።

ፈንዱ እንዴት ይሠራል?

ተራ ፈንድ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን ይገዛል። ገበያው 1 በመቶ ሲወጣ እሱም 1 በመቶ ገደማ ይወጣል። ሌቨሬጅ ያለው ፈንድ፣ በዚህ ጽሑፍ የእጥፍ ፈንድ የምለው፣ በብድር ወይም ከባንኮች ጋር በሚያደርገው ውል አቅሙን አሳድጎ የገበያውን እንቅስቃሴ በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ ይከተላል። ገበያው 1 በመቶ ሲወጣ 2 ወይም 3 በመቶ ይወጣል፤ ሲወርድም እንደዚያው ይወርዳል። ገበያው ሲወርድ የሚያተርፉ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱም አሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ እጥፍ የሚሰላው በየቀኑ መሆኑ ነው። ፈንዱ የሚገባው ቃል የዛሬውን የገበያ ለውጥ በሁለት ማባዛት ነው፤ ስለ ዓመቱ የገባው ቃል የለም። ገበያው በሚዋዥቅበት ጊዜ ይህ ልዩነት ገንዘብ ይበላል።

በቁጥር እንየው። 10,000 ብር በተራ ፈንድ፣ 10,000 በሁለት እጥፍ፣ 10,000 ደግሞ በሦስት እጥፍ ፈንድ ተቀመጠ እንበል። ገበያው ሰኞ 10 በመቶ ወጣ፤ ማክሰኞ ወርዶ ወደነበረበት ተመለሰ። ለመመለስ 9.09 በመቶ መውረድ ይበቃዋል። በተራው ፈንድ ያለው ገንዘብ 10,000 ብር እንደሆነ ነው። የሁለት እጥፉ ሰኞ 12,000 ደርሶ ማክሰኞ 9,818 ይሆናል። የሦስት እጥፉ 13,000 ደርሶ ወደ 9,455 ይወርዳል። ይህ መውጣትና መውረድ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ገበያው መጨረሻ ላይ ከተነሣበት ቦታ ንቅንቅ አላለም፤ የሁለት እጥፉ ግን 8,320 ብር ገደማ፣ የሦስት እጥፉ 5,700 ብር ገደማ ይቀረዋል። የዋጋው መዋዠቅ ለምሳሌ ሲባል የተጋነነ ነው፤ ስሌቱ ግን በትንሹም በትልቁም መዋዠቅ ያው ነው። ሰውየው ስለ ገበያው የገመተው ሁሉ ልክ ሆኖም ሊከስር ይችላል።

ሌላውን ገጽ መደበቅ ደግሞ ትክክል አይደለም። ገበያው ሳይዋዥቅ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲሄድ የእጥፍ ፈንድ ከሁለትና ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያተርፍ ይችላል። ፕሮሼርስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው፣ የአሜሪካን የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች በሦስት እጥፍ የሚከተለው ፈንድ በቀጣዮቹ ዓመታት የያዙትን ሰዎች ገንዘብ ብዙ ጊዜ አባዝቷል። ያው ፈንድ በ2022 አንድ ዓመት ውስጥ ከዋጋው 79 በመቶ ገደማ አጣ፤ የሚከተለው የአክሲዮኖች ዋጋ መለኪያ (ኢንዴክስ) ግን የወረደው ወደ 33 በመቶ ነበር። 79 በመቶ ያጣ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 376 በመቶ ማትረፍ አለበት። ሀብታሙ ይህን መጠበቅ ይችላል። በመስከረም የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል ሰው አይችልም።

«ይፈቀድ» የሚሉት

የነፃነት ወገን ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያው ነጥቡ የባለቤትነት ነው፦ ገንዘቡ የራሱ ነው። አንድ ሰው የዓመታት ቁጠባውን ሎተሪ ሊቆርጥበት፣ ካርታ የሌለው መሬት ሊገዛበት፣ ወንድሙን በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ ሊልክበት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ከእጥፍ ፈንድ የከፉ አደጋዎች ሆነው ሳለ ፈንዱን ብቻ መከልከል ምን ይባላል?

ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ገደቦች ብዙ ጊዜ በሀብት ይለካሉ፦ ይህን ያህል ያለህ ግባ፣ የሌለህ ውጣ። እንዲህ ያለ ሕግ ከፍተኛውን ትርፍ ለሀብታም ያስቀራል ይላሉ። የአሜሪካ የሰነዶች ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ደላሎች የእጥፍ ፈንድ ከመሸጣቸው በፊት የደንበኛውን አቅምና ዕውቀት እንዲያጣሩ የሚያስገድድ ደንብ አቅርቦ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ግለሰቦች ተቃውመው ጻፉ፤ በ2020 የመጨረሻው ደንብ ሲወጣ ይህ ክፍል ተነሥቶ ነበር።

ሦስተኛው፣ በእኔ እይታ ከሁሉ የሚከብደው፣ የመሸሽ ጉዳይ ነው። በፈንድ ውስጥ ሰው የሚያጣው ቢበዛ ያስገባውን ነው። በቀጥታ ተበድሮ አክሲዮን ቢገዛ ግን ካስገባው በላይ ሊከስርና ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ፈንዱ ሲዘጋበት ያ ሰው በስልኩ ውስጥ፣ በየትኛው አገር እንደተመዘገበ በማይታወቅ የውጭ ምንዛሪ መነገጃ ላይ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ብድር ያገኛል። ታዲያ ክልከላው አዳነው ወይስ ወደ ባሰው ጣለው?

አራተኛው ነጥብ የዋጋ ንረት ባለባቸው አገሮች ብቻ የሚገባ ነው፤ ሱዳን ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

«ይገደብ» የሚሉት

የጥበቃ ወገን የሚነሣው ከምርቱ ባሕርይ ነው። በየቀኑ የሚሰላ ፈንድ ቀኑን ሙሉ ገበያውን ለሚከታተል ባለሙያ የተሠራ ነው፤ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በአሜሪካ የደላሎች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 ባወጣው ማሳሰቢያ እነዚህን ፈንዶች ከአንድ የግብይት ቀን በላይ ለመያዝ ላሰበ ተራ ኢንቨስተር፣ በተለይ በሚዋዥቅ ገበያ፣ በአብዛኛው እንደማይስማሙት ተናግሯል። በ2012 ደግሞ ሲቲግሩፕ፣ ሞርጋን ስታንሊ፣ ዩቢኤስና ዌልስ ፋርጎ እነዚህን ፈንዶች ያለ በቂ ማጣራት በመሸጣቸው ቅጣትና ካሳ በድምሩ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ አድርጓል። በዚያ ውሳኔ ተጠያቂው ሻጩ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ።

ሁለተኛው ማስረጃቸው የኪሳራው ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2018 የአሜሪካ ገበያ መዋዠቅ በድንገት ሲንር፣ መዋዠቁ ዝቅ ይላል ብለው ለወራረዱ ሰዎች ክሬዲት ስዊስ ያወጣው ሰነድ በአንድ ምሽት ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጥቶ ተዘጋ። ይህ ሰነድ እጥፍ እንኳ አልነበረም፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ብቻ ነበር። ከሥራ መልስ ያረፈ ሰው ሲነጋ ገንዘቡን አላገኘውም።

ሦስተኛው ኪሳራው በአንድ ሰው አለመቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ሰው የአክሲዮኑን ዋጋ 10 በመቶ ያህል ከኪሱ ከፍሎ የቀረውን ከደላላው ይበደር ነበር። ዋጋ ሲወርድ ደላላው ብድሩን ለማስመለስ አክሲዮኑን ሸጠ፤ ሽያጩ ዋጋውን ይበልጥ አወረደው፤ የወረደው ዋጋ ሌላ ሽያጭ አስከተለ። ውድቀቱ አክሲዮን ነክቶ የማያውቀውን ሠራተኛ ሳይቀር ሥራ አሳጣ። በ1934 የወጣው ሕግ ለዚህ የሚሆነውን የብድር ጣሪያ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል ሪዘርቭ ሰጠ፤ ከ1974 ጀምሮ ገዢው ቢያንስ የዋጋውን 50 በመቶ ከኪሱ እንዲከፍል የሚያዝዘው መጠን እስካሁን አለ። ነፃ ገበያን የምትሰብከው አገር ብድርን በአዋጅ ትለካለች ማለት ነው።

የገደቡ አገሮች ምን አገኙ?

አገሮች የሞከሯቸው መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ብድሩን መለካት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሰነዶችና ገበያዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 የዋጋ ልዩነት ውል በሚባለው ንግድ ላይ ለተራ ደንበኞች ጣሪያ አበጀ፦ ለዋና ዋና ገንዘቦች 30 እጥፍ፣ ለክሪፕቶ 2 እጥፍ። ደንበኛው ካስገባው በላይ ባለዕዳ እንዳይሆን ደነገገ፤ ደንበኛ ለማማለል የሚሰጠውን ጉርሻ ከለከለ። እያንዳንዱ ድርጅት ከተራ ደንበኞቹ ስንት በመቶዎቹ እንደሚከስሩ በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፍ አስገደደ። የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች ያካሄዷቸው ጥናቶች ከተራ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስር አሳይተው ነበር። ይህ ቁጥር የነፃነትን ክርክር ክፉኛ ይጎዳዋል፤ ከአሥር ሰው ከሰባት እስከ ዘጠኙ የሚከስርበትን ነገር «ምርጫው ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አሜሪካም በ2020 ደንቧ አዳዲስ ፈንዶች የሚወስዱት ስጋት ከሚከተሉት ኢንዴክስ ስጋት ሁለት እጥፍ እንዳያልፍ ወሰነች፤ ቀድመው የነበሩትን ባለ ሦስት እጥፎች ግን ተወቻቸው።

ሁለተኛው ገዢውን መመዘን ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ አነስተኛ ኢንቨስተሮች ነዳጅን በእጥፍ ወደሚከተሉ ሰነዶች ጎርፈው ዋጋቸውን ከእውነተኛ ዋጋቸው እጅግ በላይ ሲሰቅሉት አየች። ከዚያ በኋላ የአገር ውስጥ የእጥፍ ምርት መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ትምህርት እንዲወስድና 10 ሚሊዮን ዎን ሒሳቡ ውስጥ እንዲያኖር አዘዘች። ምን ሆነ? ብዙ ኮሪያውያን ስልካቸውን ከፍተው ከአሜሪካ ገበያ የእጥፍ ፈንድ መግዛት ጀመሩ። ተቆጣጣሪዎቹም ትምህርቱን በውጭ ምርቶች ላይ ለማስፋት ተገደዱ። የገንዘብ መሥፈርቱ ድሃውን አገደ፤ ስልክ ያለውን ግን አላገደም።

ሦስተኛው ጨርሶ መከልከል ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ በክሪፕቶ ዋጋ ላይ የተመሠረቱ ውሎች (ዴሪቬቲቮች) ለተራ ሰው እንዳይሸጡ ከለከለች። አውሮፓም ባይነሪ ኦፕሽን የሚባለውን ውርርድ ከ2018 ጀምሮ ለተራ ደንበኛ ዘግታ ነበር። ክልከላ ለአንድ የተለየ፣ ጥቅሙ ለማይታይ ምርት ሲውል ይሠራል። የአንድ አገር ሕዝብ ከወለድ ብድር ሁሉ ይራቅ ሲባል ግን ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ካርቱም መመለስ አለብን።

ወለድ የተከለከለበት አገር

ሱዳን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕጎችን አወጀች፤ በቀጣዩ ዓመት ባንኮች በሙሉ ያለ ወለድ እንዲሠሩ ታዘዙ። ፈይሰል ኢስላማዊ ባንክ ግን ቀድሞ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀምሮ ነበር። በ1995 ግብይት የጀመረው የካርቱም የአክሲዮን ገበያም በዚሁ መርሕ ቆመ። በወለድ ተበድሮ አክሲዮን መግዛት፣ በእጅ የሌለን አክሲዮን መሸጥ ቦታ አልነበራቸውም። እንደ ኒውዮርኩ ያለ የእጥፍ ፈንድ በካርቱሙ ሪያድ ሰፈር ላለ ቆጣቢ አልተሸጠም። በወረቀት ላይ ሲታይ አነስተኛውን ሰው በብድር ከሚመጣ ኪሳራ ፈጽሞ የጠበቀ አገር ነው።

ብድር ግን ሌላ በር አገኘ። ባንኮቹ በብዛት የሠሩበት ሙራበሃ የሚባለው አሠራር ነው፦ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፍ ጨምሮ፣ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጥለታል። ለእውነተኛ ንግድ ይህ ጠቃሚ መንገድ ነው። ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሰው ግን ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ሱዳኖች «ከስር» ይሉታል። ዕቃ ከገበያ ዋጋው በላይ በዱቤ ይገዛል፤ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል፤ ዕቃውን በዚያው ሰዓት እጅ በእጅ በርካሽ ይሸጠዋል። ለምሳሌ በ120 ሺህ ፓውንድ ቼክ የገዛውን በ90 ሺህ ጥሬ ገንዘብ ቢሸጥ፣ በስም ወለድ የለም፤ በተግባር በጥቂት ወራት ውስጥ የሚከፈል የ33 በመቶ ወለድ አለ። ቼኩ ሲደርስ ለመክፈል ሌላ ከስር ይገባል። የፊተኛው ዕዳ ከኋለኛው ይከፈላል።

የዚህ ብድር ጣሪያ የትም አልተጻፈም፤ የሚጠየቅ ሻጭም የለም። የሚጠየቀው ተበዳሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍን ወንጀል አደረገ፤ ባለዕዳም ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ታስሮ የሚቆይበት አሠራር ነበር። በዚህ ምክንያት ነጋዴዎች፣ ሴቶች ሳይቀሩ፣ ማብቂያው ለማይታወቅ ጊዜ ታሰሩ። በረመዳን የዘካ ተቋሙና ለጋሾች ዕዳ እየከፈሉ የሚያስፈቷቸው ሰዎች ወሬ በየዓመቱ የሚሰማ ነበር። በኒውዮርክ የእጥፍ ፈንድ የገዛ ሰው የሚያጣው ያስገባውን ገንዘብ ነው። ከካርቱም ማዶ ባለችው ኦምዱርማን በከስር የገባው ሰው ነፃነቱን አጣ። ታዲያ የትኛው አገር ነው ቆጣቢውን ከብድር የጠበቀው?

የዳርፉሯ ኤልፋሽር ደግሞ ነገሩ ወደ ሕዝብ ሲዛመት ምን እንደሚመስል አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2010 ሱቅ አል መዋሲር በሚባል ገበያ ሰዎች መኪናቸውንና ሸቀጣቸውን ከዋጋው እጅግ በላይ በሆነ፣ የወደፊት ቀን በተጻፈበት ቼክ ይሸጡ ነበር። ገበያው ያንኑ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ በርካሽ ይሸጣል፤ የቀደሙትን ቼኮች በኋለኞቹ ሰዎች ገንዘብ ይከፍላል። ሰው ቤቱን እየሸጠ ገባ። የገበያው መሪዎች ከገዢው ፓርቲ ጋር ቅርበት እንዳላቸው ይታመን ስለነበር ብዙዎች መንግሥት ከኋላው አለ ብለው አስበዋል። በዚያው የፀደይ ወራት ክፍያ ቆመ። በግንቦት መጀመሪያ ገንዘባችን ይመለስልን ብለው አደባባይ በወጡት ሰዎች ላይ ተተኩሶ ሰው ሞተ። ተቆጣጣሪ ዝም ባለበት ገበያ ዝምታው ራሱ እንደ ዋስትና ይቆጠራል፤ የኤልፋሽር ሰው የከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ይህ የሱዳን ብቻ ችግር አይደለም። በኩዌት ሱቅ አል መናኽ በሚባለው ከመደበኛው ውጭ በነበረ ገበያ ነጋዴዎች የወደፊት ቀን በተጻፈባቸው ቼኮች አክሲዮን ሲገዙ ቆይተው፣ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1982 ክረምት ሲወድቅ ያልተከፈሉት ቼኮች 94 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሰው ተገኙ። መደበኛው ገበያ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ነበረበት። ብድሩ የሸሸው ቁጥጥር ወዳልነበረበት ነው።

አሁን ወደ ዋጋ ንረቱ ልመለስ። የሱዳን መንግሥት ለቆጣቢው ያቀረበው ሰነድ ሸሃማ የሚባለው የሙሻረካ (የትርፍ ተካፋይነት) ሰርተፍኬት ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 500 ፓውንድ። እ.ኤ.አ. በ2007፣ አዲሱ ፓውንድ ሲወጣ፣ 500 ፓውንድ ወደ 250 ዶላር ይጠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 መንግሥት የአንድ ዶላር ምንዛሪ ተመኑን በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ሲያደርሰው ያው 500 ፓውንድ ከአንድ ዶላር ተኩል በታች ሆነ። በሐምሌ 2021 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ420 በመቶ አለፈ። በየጊዜው የተከፈለው ትርፍ ይህን ሊተካ አይችልም። ገንዘቡን «ደኅና ቦታ» ያኖረው ሰው ከሰረ፤ በዱቤ መኪና የገዛው አተረፈ። የነፃነት ወገን እዚህ ላይ እውነት አለው፦ ቆጣቢውን ከአደጋ ከልክለህ ገንዘቡ የማይበላበት ቦታ ካላሳየኸው፣ እጁን ይዘህ ማስዘረፍህ ነው።

በአገር ቤት

ኢትዮጵያ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248ን ያወጣችው በ2013 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በዚያ ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኖ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2017፣ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር፤ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን፣ 999,900 ብር። ክፍያው በቴሌብር ነበር። ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዙ። ሁሉም ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ነው የገዛው።

ያለ ብድር መነገድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ በክፍያ ሒሳቡ እንዲያኖር ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት ሻጩ ገበሬና አቅራቢ ገንዘቡን ያለ ሥጋት በአጭር ጊዜ ያገኛል። ባንኮች የራሳቸውን አክሲዮን መያዣ አድርገው እንዳያበድሩም ሕግ ይከለክላል። መሠረቱ መልካም ነው።

አደጋው ያለው ከመሠረቱ ውጭ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ሆኖ ሳለ በየገበያው ይኖራል፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክም በፍርድ ቤቶቻችን የታወቀ ጉዳይ ነው። ከስር የሚባለውን የሱዳን ዘዴ ያበቀለው አፈር እኛም ጋ አለ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የቁጠባው ዋጋ ያሳሰበው ሰው በስልኩ የውጭ ምንዛሪና የክሪፕቶ ንግድ ለመሞከር ምክንያቱ በዝቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አሳስቦ ነበር። ማሳሰቢያው ፍላጎቱን አላጠፋውም። በካርቱም፣ በቤይሩትና በጅዳ ያለው ወገናችን ደግሞ የትኛውም ተቆጣጣሪ አይደርስለትም፤ የሚደርስለት በቴሌግራም የሚመጣ «አስተማሪ» ነው።

ምን ይደረግ?

እስካሁን የታየው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመራል። አነስተኛውን ቆጣቢ የጎዳው ጣሪያ የሌለው ብድር፣ የማይጠየቅ ሻጭና ካስገባው በላይ የሚከተል ዕዳ ነው። እነዚህ በ1929ኙ ኒውዮርክም፣ በኦምዱርማንም፣ በኤልፋሽርም በየመልካቸው ታይተዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶችን ደንብ ሲያሰፋ አምስት ነገሮችን አስቀድሞ ቢጽፍ እላለሁ።

አንደኛ፣ ለተራ ኢንቨስተር የሚሸጥ ማንኛውም ፈንድ ከሁለት እጥፍ አይለፍ። ገበያው ጥልቀት እስኪያገኝና ዋጋ በየቀኑ በእውነተኛ ግብይት እስኪወሰን ድረስ ደግሞ እጥፍ የሚባል ምርት ጭራሽ አይፈቀድ። በጥቂት አክሲዮኖች ላይ በቆመ ገበያ በየቀኑ የሚሰላ እጥፍ ዋጋውን ራሱ ያናጋዋል።

ሁለተኛ፣ ማንም ተራ ደንበኛ ካስገባው በላይ ባለዕዳ አይሁን። ይህ በሕግ ይጻፍ፤ በውል የሚሻር አይሁን። ከሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፤ የኦምዱርማን እስረኞች የጎደላቸው ይህ ጥበቃ ነበርና።

ሦስተኛ፣ ሻጩ ይጠየቅ። ለደንበኛው የማይስማማ ምርት የሸጠ ደላላ ካሳ ይክፈል፤ ከደንበኞቹ ስንት በመቶው እንደከሰሩ በማስታወቂያው ላይ በጉልህ ይጻፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ገዢው በሀብቱ ሳይሆን በመረዳቱ ይመዘን። ኮሪያ ያዘዘችው ትምህርት ጥሩ ነው፤ የገንዘብ መሥፈርቱ ግን ለእኛ አይሆንም። ከላይ ያሳየሁትን የሰኞና የማክሰኞ ስሌት በራሱ ሠርቶ ያሳየ ሰው 10,000 ብር ቢኖረውም ይግባ። ያልቻለ ሰው 10 ሚሊዮን ቢኖረውም ይቆይ።

አምስተኛ፣ ለቆጣቢው የዋጋ ንረትን የሚቋቋም ማረፊያ ይሰጠው። የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ በትንሽ ብር፣ በስልክ፣ ከንረቱ ጋር በሚመጣጠን ወለድ ለተራው ሰው ይቅረብ፤ በውጭ ላለው ወገንም እንዲሁ። ይህ ከሌለ የቀሩት አራቱ ቁጠባው እየቀለጠበት ያለን ሰው አያስቆሙትም።

እነዚህን ደንቦች ዛሬ ለመጻፍ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው፤ ገና የሚከለከል ምርት፣ የሚቆጣ ደላላ፣ የከሰረ ሕዝብ የለም። አሜሪካ የብድር ጣሪያዋን የጻፈችው ከ1929 በኋላ ነው፤ ኮሪያ ከ2020 በኋላ፤ በኤልፋሽር ሕዝቡ መልስ የጠየቀው ገንዘቡን ካጣ በኋላ ነው። ባለሥልጣኑ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ዕድል ይዟል፤ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመች እህታችን የሌሎችን ኪሳራ በራሷ ገንዘብ እንዳትደግመው ማድረግ ዛሬ በእጁ ነው።